አማካዩ ይሸከመዋል

ሚያዝያ 9

ዛሬ ክሊኒክ ሦስት የጥርስ ነቀላ፣ ሁለት ሙሌት፣ አንድ የሸሸ ሰው። የሸሸው ፂሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ጎልማሳ ነው። መርፌዋን ሲያይ "መኪናዬን መንገድ ዘግቼ ነው ያቆምኳት፣ ላንሳና ልምጣ" ብሎ ወጣ። በዚያው ቀረ። ዶክተር ጓንታቸውን እያወለቁ "መኪና የለውም እኮ፤ በእግሩ ሲመጣ በመስኮት አይቼዋለሁ" አሉ። ትዝ እያለኝ ስስቅ ዋልኩ።

ከሥራ መልስ ከቀጭኗ ጋር ቤተ መጻሕፍት። (አሁን እንኳ ቀጭን አይደለችም፤ ኮሌጅ የወጣላት ስም ነው፣ አለቀቃትም።) ለጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናው ወር ቀረን። እኔ ባዮሎጂ፣ እሷ ንባብ። ንባቡ አማሯታል። እኔን የሚያማርረኝ የቅርጽ ክፍሉ ነው… የታጠፈ ወረቀት ተበስቶ ሲዘረጋ ቀዳዳዎቹ የት የት ይሆናሉ? ከእነዚህ ማዕዘኖች ጠባቡ የቱ ነው? ግማሹን ካገኘሁ ጥሩ ቀን ነው።

"ጠዋት ጠዋት ትንሽ ትንሽ እንሥራው" አለች።

"እሱ ተፈጥሮ ነው፤ ወይ ይታይሻል ወይ አይታይሽም" አልኳት። ወደ ባዮሎጂዬ ተመለስኩ። የሚጣፍጠኝን ነው የማጠናው።

ሚያዝያ 21

ዶክተር ዛሬ በምሳ ሰዓት ከበር እስከ መስኮት ተመላለሱና "አንቺ ልጅ፣ ካለፍሽ ይህቺን ክሊኒክ እስክትመረቂ አልዘጋትም" አሉ። እንዲሁ ነው ያሉት፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው። ልጅ የላቸውም። እኔ ዕቃ ማጠቢያው ላይ ነበርኩ፤ ጀርባዬን እንደሰጠሁ "እሺ" አልኩ። ፊቴን እንዳያዩት።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ነገ ለሥራ ባልደረቦቿ ታወራዋለች።

ግንቦት 12

ተፈተንኩ።

ሲጨርሱ ውጤቱ እዚያው ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ባዮሎጂ… ሁለት ጊዜ አየሁት። ከመቶ ሰው ዘጠና አምስቱን ቀድሜያለሁ። ኬሚስትሪም እንደዚያው። ሂሳብ፣ ንባብ ጥሩ። ቅርጽ… ወደ መጨረሻው። ሰማንያ ሰው በልጦኛል። አማካዩ ግን ከፍ ያለ ነው። በጣም ከፍ ያለ።

ቀጭኗ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። የሷ አማካይ ከኔ ብዙ ይወርዳል። ንባቡ ደግሞ ጭራሽ ወድቋል። "ድጋሚ ልፈተን ነው" አለች ወዲያው። አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያዘንኩላት።

ግንቦት 13

ለእማዬ አማካዩን ብቻ ነገርኳት። ከወንበሯ ተነሥታ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሣች። መዋዕለ ሕፃናት ስለምታስተምር ሲደሰት የሚያጨበጭብ ሕፃን ትመስላለች። ለጎረቤት ነገረች። ለልብስ ሰፊዋም ነገረች። ልብስ ሰፊዋ "ነጩን ካፖርት እኔ ነኝ የምሰፋላት" ብላለች አሉ።

ዶክተር ግን እንደሷ አይደሉም። "ሁሉንም አሳዪኝ" አሉ። ስልኬን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩ።

"ይቺ ታችኛዋ ምንድን ናት?"

"የቅርጽ ናት። ወረቀት ማጣጠፍ፣ ማዕዘን መለየት… ከሥራው ጋር እምብዛም አይገናኝም።"

"አይገናኝም?" አሉና ትንሿን የአፍ መስታወት አነሡ። "የላይኛውን መንጋጋ በምን አይቼ ነው የምሠራው? በዚህ አይደል? ሁሉ ነገር ተገልብጦ ነው የሚታየኝ። ግራው ቀኝ ሆኖ። ድጋሚ ተፈተኚ።"

"ብደግምና ባዮሎጂው ቢወርድስ? ሁሉም ክፍል እንደገና ነው የሚፈተነው። ደግሞ አማካዩ ይሸከመዋል፣ ዶክተር።"

መስታወቱን ቦታው መለሱት። "አንቺ ታውቂያለሽ" አሉ።

ደስ አለኝ። እንደ ፈቃድ ወሰድኩት።

ሰኔ 6

ማመልከቻ ተከፈተ፤ በዚያው ቀን ላክሁ። ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይታያል ይላሉ። አራት ትምህርት ቤት ብቻ። አራቱም ትልልቆቹ። ቀጭኗ ስንት መረጥሽ ስላት "ያገኘሁትን ሁሉ። አንቺም ትንንሾቹን ጨምሪ እንጂ፤ አንድ ክፍል ዝቅ ያለበትን አንዳንዶቹ አያነቡትም ይባላል" አለች።

"በዚህ አማካይ?" አልኳት።

መጽሐፏን ገለጠች። ክረምቱን ሙሉ ልታጠና ነው እሷ፤ ፈተናዋ ነሐሴ ላይ ነው። እኔ ግን አርፌያለሁ። እንቅልፌን እተኛለሁ።

ነሐሴ 17

ቀጭኗ ደግማ ተፈተነች። ንባቡ ብዙ ከፍ ብሏል፤ ኬሚስትሪዋ ትንሽ ወርዷል። አማካይዋ አሁንም ከኔ በታች ነው። አቅፌ ሳምኳት። ከልቤ ነበር? ይመስለኛል።

መስከረም 24

ከአራቱ አንዱ መለሰ። አጭር ነው። ከክፍሎቹ አንዱ ከሚቀበሉት ዝቅተኛ ውጤት በታች ስለሆነ ማመልከቻዬ ወደ ገምጋሚዎቹ አላለፈም። አላለፈም… ማለት የጻፍኩትን ማንም አላየውም። ዶክተር ስለኔ የጻፉትን የድጋፍ ደብዳቤም ማንም አላየውም። እሳቸው ያንን ደብዳቤ ሦስት ቀን ነው የጻፉት፣ በእጃቸው።

ነገርኳቸው። "ሦስት ይቀራል" አሉ። ስለ መስታወቱ አላነሡም። ቢያነሡ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 2

ሁለተኛውም አይሆንም አለ። ምክንያት አልሰጡም። አያስፈልግም ነበር።

ጥቅምት 15

ሦስተኛው ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። እማዬ የሰው ጫማ ተውሳ አመጣችልኝ፤ ሰፋኝ። ጫፉ ላይ ወረቀት ጠቀጠቅንበት። "ስትራመጂ ብቻ ቀስ በይ፤ ተቀምጠሽ ማንም አያውቅም" አለችኝ።

ጥቅምት 22

ከቃለ መጠይቁ መልስ። አውቶቡስ ውስጥ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ይዘላል።

ሦስት ናቸው። ሁለቱ ወንዶች ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ስለ ክሊኒኩ ጠየቁኝ፣ ስለሸሸው ባለፂም ነገርኳቸው፣ ሳቁ። ሆነልኝ ብዬ ነበር። ከዚያ ሴትየዋ። ፀጉሯን ወደ ኋላ ያስያዘች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ወረቀቱን አየችና፣

"የቅርጽ ክፍሉ ላይ ምን ሆንሽ?"

ተዘጋጅቼበት ነበር። "ሰዓት አጠረኝ። ደግሞ ወረቀት ላይና በእጅ አንድ አይደለም፤ ክሊኒክ ውስጥ…"

አስጨረሰችኝ። አላቋረጠችኝም። ሲያልቅ፣ "እሺ። ከዚያ በኋላ ምን አደረግሽ?" አለች።

"ከዚያ በኋላ?"

"ውጤቱን ካየሽ በኋላ።"

"አማካዬ ጥሩ ስለነበር…"

"አማካይሽን አይተነዋል። የጠየቅኩሽ ሌላ ነው።" ክፋት የለባትም። እውነት መልሱን ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ።

ምን ልበል? ምን አደረግሁ? ተኛሁ። ክረምቱን ሙሉ እንቅልፌን ተኛሁ። አንዱ ሰውዬ አዘነልኝ መሰለኝ ውሃ ቀዳልኝ።

ድካሜን አይደለም የጠየቀችኝ። ማንም የሚደክምበት ነገር አለው። ከዚያ በኋላ ነው ያለችኝ…

ኅዳር 11

አይሆንም። ሦስተኛው ዛሬ፣ አራተኛውም በዚሁ ሳምንት፣ አይሆንም።

መልእክቱ ሲደርሰኝ ዕቃ በእንፋሎት ማምከኛው ውስጥ እየደረደርኩ ነበር። መንቀያዎቹን በቁመታቸው፣ መስታወቶቹን ለብቻ። ደርድሬ ጨርሼ፣ ክዳኑን ዘግቼ፣ ተቀመጥኩ። ዶክተር ገቡ። ፊቴን አይተው የታካሚውን ወንበር ዝቅ አደረጉልኝ። "ተኚ ትንሽ" አሉ። ተኛሁበት። መብራቱን አጠፉልኝና ወጥተው ቀጣዩን ሰው ራሳቸው አናገሩት፤ "ባለሙያዋ አሟታል፣ ከሰዓት ይምጡ" ሲሉ ሰማሁ። ባለሙያዋ አሉኝ።

ኅዳር 14

ቀጭኗ ገባች። ሁለት ቦታ። አንዱ እኔን አይሆንም ያለኝ፣ ያቺ ሴትዮ ያለችበት።

ራሷ መጥታ ነገረችኝ፣ በስልክ አልፈለገችም። ደጃፉ ላይ ቆመን። "ንባቡን ጠየቁሽ?" አልኳት።

"ጠየቁኝ።"

"ምን አልሽ?"

"ምን እላለሁ። ወደቅሁ፣ አጠናሁ፣ ደገምኩ አልኳቸው። ሌላ ምን አለው?"

ሌላ ምን አለው። እቅፍ አድርጌያት "እንኳን ደስ አለሽ" አልኩ። ይኼኛው ከልቤ ነበር፤ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም አሞኛል።

ኅዳር 20

እማዬን ዛሬ ከሥራ ልቀበላት ሄድኩ። ሕፃናቱ ወጥተዋል፤ ከሌላዋ አስተማሪ ጋር ወንበር እየደራረቡ ያወራሉ። በሩ ጋ መድረሴን አላዩም። ሴትየዋ "የልጅሽ ነገር ምን ደረሰ?" አለቻት። እማዬ ጎንበስ እንዳለች፣ "ዘንድሮ እሷው አልፈለገችም። ትንሽ ልሥራ አለች" አለች።

ወጥቼ ጥግ ላይ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቼ እንደ አዲስ መጣሁ።

ቦርሳዋን ተቀብያት ወደ ቤት ሄድን። እማዬ ዋሽታ አታውቅም… ለሕፃናት እንኳ።

የካቲት 8

ዶክተር ዛሬ ማደንዘዣ ሲወጉ ቆም አሉ። መርፌውን ከታካሚው አፍ አወጡት፤ ጠበቁ፤ እንደገና ሞከሩ። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት፤ ጣታቸው ትንቀጠቀጣለች። በጣም ትንሽ። ታካሚውን "ይቺ ጥርስ ሌላ ሰው ይያት" ብለው አንድ ሌላ ክሊኒክ ላኩት። ሰውየው ከወጣ በኋላ ባለጎማዋ በርጩማ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አዩት፣ የሰው ዕቃ እንደሚያይ።

"ዛሬ ሰነፈች" አሉ።

"ደክሞዎት ይሆናል" ልላቸው አሰብኩና ትሪውን አነሣሁ። አምና ደግሜ ቢሆን ኖሮ… አሁን ትምህርት ልጀምር ወራት ነበር የሚቀሩኝ። ገና ያልደገምኩትን ፈተና ነው የማስበው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ… ይሄን ተረት እማዬ ስትተርተው ይሰለቸኝ ነበር።

የካቲት 9

ጀመርኩ። ጠዋት፣ ከሥራ በፊት። ወረቀት እያጠፍኩ በመርፌ እበሳለሁ፤ ሳልዘረጋው ቀዳዳዎቹን እገምታለሁ፤ እዘረጋለሁ። ሁሉም ስሕተት።

የካቲት 16

አሁንም ስሕተት። ግን ለምን እንደተሳሳትኩ ይገባኛል። አጥፌው የነበረው ጠርዝ እንደ መስታወት ነው። ዶክተር ያሉት እኮ ይህንኑ ነው…

መጋቢት 4

ከአሥር ሰባት።

መጋቢት 19

ዛሬ ከአሥር አሥር። ሁለት ጊዜ። ወረቀቱን ዘርግቼ ቀዳዳዎቹ እንዳልኩት ተደርድረው ሳያቸው መደሰት ነበረብኝ። አልተደሰትኩም። እንባዬ መጣ።

ይህቺው ናት? በቃ? በየጠዋቱ ትንሽ ትንሽ፣ ቀጭኗ እንዳለችው? ተፈጥሮ ነው ያልኩት ነገር ስድስት ሳምንት እንኳ አልፈጀም። ከባድ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ከባድ ቢሆን "አልችልም ነበር" እላለሁ፣ እጽናናለሁ።

ግንቦት 3

ደገምኩ። ቅርጽ፣ ከብዙው ሰው በላይ። ባዮሎጂው አንድ ነጥብ ወረደ። አንድ። የፈራሁት ይህቺን ነበር።

ግንቦት 5

ለዶክተር ውጤቱን አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። "ጎበዝ" አሉ። ከዚያ "ተቀመጪ" አሉኝ። ተቀመጥኩ።

"ክሊኒኩን ልሰጥ ነው። አንዲት ወጣት ሐኪም አለች፣ ሥራዋ ጥሩ ነው። ላንቺ ላቆያት ነበር… እጄ እንቢ አለች፣ ልጄ።"

"ገብቶኛል" አልኩ። እንደዚህ ብዬ ነው የመለስኩት፣ እንደ እንግዳ ሰው።

"ያን ቀን ልቆጣሽ ይገባኝ ነበር" አሉ። "'አንቺ ታውቂያለሽ' አልኩሽ። ሰው የማያምንበትን ነገር ሲሰማና መጣላት ሲሰለቸው እንዲህ ይላል።"

"ቢቆጡኝም አልሰማም ነበር።"

"እሱስ እውነት ነው" አሉ፤ ሳቅ አሉ። ሁለታችንም ትንሽ ሳቅን። ከዚያ ቀጣዩ ታካሚ ገባ፤ ጽዳት ብቻ ነበር፣ እሱን ሠሩት። ጽዳት ይችላሉ ገና።

ሰኔ 27

የመጨረሻ ቀን። አዲሷ ሐኪም የራሷ ረዳት አላት። ደግ ናት፣ "ካልሽ ግማሽ ቀን" ብላኝ ነበር። አይሆንም አልኩ። መድኃኒት ቤት ሥራ አግኝቻለሁ። ዶክተር ካፖርታቸውን አጣጥፈው በክንዳቸው ይዘው ወጡ፤ በሩ ላይ "ጥርስና ዘመድ ዋጋው የሚታወቀው ሲነቀል ነው" አሉኝ። ለታካሚ ሁሉ የሚሏት ቀልድ ናት። ዛሬ ግን ማንም አልሳቀም።

ማመልከቻ ልኬያለሁ። ዘንድሮ ትንሽ ትልቅ አላልኩም።

መስከረም 2

ቀጭኗን አውቶቡስ ተራ ሸኘኋት። ሻንጣዋን ስታነሣ "ቦታ ይዤ እጠብቅሻለሁ" አለችኝ። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ እጇን ስታውለበልብ ጎኗ ያለው መቀመጫ ባዶ ነበር። አውቶቡሱ እስኪዞር ያን መቀመጫ ነው ያየሁት።

ጥቅምት 30

ቃለ መጠይቅ፤ ሩቅ ያለ ትንሽ ትምህርት ቤት። ስለ መጀመሪያው የቅርጽ ውጤቴ ጠየቁኝ። "ወደቅሁ፣ ናቅሁት፣ ዓመት አቃጠልኩ፣ ከዚያ ደገምኩ" አልኳቸው። አንደኛው ሰውዬ ብዕሩን አስቀመጠ። "ናቅሁት ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም" አለ።

ኅዳር 18

ገባሁ። በመጪው መስከረም ልጀምር ነው።

እማዬ አልጮኸችም። እጄን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ "አሁን ለሰው ልንገር?" አለችኝ፣ እንደ ልጅ። "ንገሪ እማዬ" አልኳት። አልነገረችም። ፈራች። ይሄንንም እኔ ነኝ ያስፈራኋት።

ወደ ዶክተር ቤት ሄድኩ። ሻይ ቀዱልኝ፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፤ ትንሽ ፈሰሰ። እንዳላየሁ ሆንኩ። "መቼ ትጨርሻለሽ?" አሉ። ነገርኳቸው። በልባቸው ሲደምሩ አየኋቸው፤ ዕድሜያቸውን ነው የደመሩት። ከዚያ "ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው" አሉ።

ነሐሴ 26

ብዙ ወር አልጻፍኩም። በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ።

ትምህርት ቤቱ የጤና ምርመራ ይፈልጋል፤ የጥርስም ጭምር። ሳቄ መጣ። የት ልሂድ? እግሬ ወደ ድሮው ክሊኒካችን ወሰደኝ። ግድግዳውን ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ቀብተውታል። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ "ቀጠሮ አለሽ?" አለችኝ። የለኝም አልኩ፤ "ጠብቂ እንግዲህ" አለችኝ። እኔም እንደዚሁ ነበር የምለው። ስንት ዓመት እዚህ ስሠራ የተጠባባቂ ወንበር ላይ አንድ ቀን ተቀምጬ አላውቅም። ከዚያ ሲታይ የሕክምናው ክፍል በር ያስፈራል።

አጠገቤ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ጉንጫቸውን በሻሽ አስረዋል።

"ያማል ወይ?" አሉኝ።

"አያምም እማማ፤ መርፌዋ ብቻ ትቆነጥጣለች።"

"ድሮ እዚህ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እጃቸው አይታወቅም ነበር፣ ነቅለው ሲያሳዩሽ ነው የምታውቂ።"

"አውቃቸዋለሁ።"

"አንቺም ልታስነቅዪ ነው?"

"አይ፤ ልመረመር ነው። ይሄንኑ ሥራ ልማር ልሄድ ነው።"

ፊታቸው ፈካ፤ ወዲያው ጉንጫቸውን አመማቸውና ያዙት። "ምነው እሳቸው ሳሉ ተምረሽ ቢሆን" አሉኝ። "አጠገባቸው ቆመሽ እጃቸውን አይተሽ።"

"እሱማ ነበር የሚሻለኝ፣ እማማ" አልኩ።

ልጅቷ "ቀጣይ" አለች። የሳቸው ተራ ነበር። ሲነሡ እጄን ጭብጥ አደረጉት። "እስክገባ ያዥኝ" አሉ። ያዝኳቸው። እስከ በሩ አደረስኳቸው። ከበሩ ወዲያ ያቺ ልጅ ተቀበለቻቸው።